ጥያቄና መልስ፦ የጥርስ ታካሚን ስለ ጫትና መጠጥ መጠየቅ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። «ጫት ይቅማሉ? ይጠጣሉ?» ስል ታካሚዎቼ ፊታቸው ይቋጠራል፤ ብዙዎቹም ይክዳሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጥያቄውን ከሕክምናው ጋር ያያይዙት። «ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ከጫት ጋር ሲደረብ የልብ ምትና የደም ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ሁሉንም እንጠይቃለን፤ ዛሬ ቅመዋል?» ይበሉ። አስታማሚው ውጭ ይቆይ። በርጫ ወግ በሆነበት ወሎ «ሱሰኛ» ማለት አፍ ያዘጋል።

ጉንጭም ይመሰክራል፦ ጫቱ በሚወተፍበት በኩል ብቻ የነጣ ቆዳ፣ የሸሸ ድድ። ንጣቱ በ2 ሳምንት ካልጠፋ ከቦታው ለምርመራ ናሙና ይወሰድ።

ለመጠጥ 3 ጥያቄ ይበቃል፦ በምን ያህል ጊዜ? በአንድ ቀን ስንት መለኪያ (መደበኛ የመጠጥ መጠን)? 6ና ከዚያ በላይ የሚጠጡትስ በየስንት ጊዜው? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ አለው፤ የነጥቡ ድምር ለወንድ 4፣ ለሴት 3 ከደረሰ ጠለቅ ብለው ይጠይቁ። የጠላ ጥንካሬ ከቤት ቤት ስለሚለያይ የብርጭቆ ቆጠራ ብቻውን ያሳስታል። ሜትሮኒዳዞል የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ካዘዙም መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ 48 ሰዓት ሳያልፍ እንዳይጠጡ ይንገሩ።

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ጠጪን ግን «ዛሬውኑ ተው» አይበሉት፤ በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ፈቃዱን ጠይቀው ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ራስዎ ይደውሉ፤ ሪፈር ወረቀት ብቻ ከሰጡት ኪሱ ውስጥ ይቀራል።