ያልጠየቅኋቸው የባሮ መርከበኛ

ባለፈው ሳምንት አንድ የምህንድስና ተማሪ «ባሮ ወንዝ ላይ በእውነት መርከብ ይሄድ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ።

አዎን፣ ይሄድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ፣ በእንግሊዝ ሥር የነበረችው ሱዳን የምታስተዳድረው የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ይዞታው ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስም ጋምቤላ የካርቱም የእንፋሎት መርከቦች በክረምት የሚደርሱባት ወደብ ነበረች። ከጎሬ በበቅሎ የወረደ ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጫናል፤ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል።

በ1960ዎቹ ጀማሪ የውኃ ልክ መዝጋቢ ሆኜ ወደዚያ ስላክ፣ በወጣትነታቸው የመርከብ እሳት ያነዱ የነበሩ አንድ የአኙዋ ሽማግሌ ከመለኪያው ዘንግ አጠገብ ዘወትር ይቀመጡ ነበር። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ፍም ጠባሳ አድርጎበታል። አረብኛ በተቀላቀለበት አማርኛ፣ በየመታጠፊያው የተከመረውን ማገዶ ሲጭኑ እንደሚውሉ፣ ከፊት የቆመው ሰው ረጅም ዘንግ ወደ ውኃው እየሰደደ ጥልቀቱን ጮኾ እንደሚናገር፣ ጥቅምት ሲገባ ካፒቴኑ ውኃውን ካልቀደመው መርከቧ እስከ ቀጣዩ ክረምት አሸዋ ላይ እንደምትቀር ያጫውቱኛል። አንድ ቀን ወንዙን እያመለከቱ «ልጄ፣ ሲሞላ ጉድፉ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ሲጎድል መሃል ይሰበሰባል፤ የመነሻችንን ቀን የምናውቀው በዚህ ነበር» አሉኝ። እኔ ቁጥሩን ከዘንጉ አንብቤ መዝገቤን ዘጋሁ። ወደ ኢታንግ በሚወስደው ዳር ወስደው መርከቧ ታስራ የምታድርባቸውን ቦታዎች ላሳይህ ሲሉኝም «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ ከዓመታት በኋላ ስመለስ ዐርፈዋል። የጉድፉን ነገር አንድ የወንዝ ምህንድስና መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ያን ቀን መጽሐፉን ይዤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

የዛሬ ወጣቶች ሁሉን በስልክ ያነሣሉ እንጂ ተቀምጦ መስማት አይወዱም እያልኩ ኖሬአለሁ። ነገር ግን ያ ልጅ ጠየቀ፤ እኔ በእርሱ ዕድሜ አልጠየቅሁም።

ትጉ፣ አንብቡ የሚለውን ሌሎች ይነግሯችኋል። ተማሪው፣ ጋምቤላ ተወልደው ያደጉት አያቱ በልጅነታቸው የመርከቧን ፉጨት ይሰሙ እንደነበር ነግሮኛል፤ የሚጠይቃቸውም መመረቂያ ጽሑፉን ከጨረሰ በኋላ ነው። እባክህ ልጄ፣ አትቆይ። በዚህ ቅዳሜ ሄደህ፣ ማገዶው የሚከመረው በየትኛው መታጠፊያ እንደነበር፣ ማን ይቆርጠው እንደነበርና በምን ይከፈለው እንደነበር ጠይቃቸው፤ በእኔ መዝገቦች ውስጥ ያለው የውኃው ከፍታ ብቻ ነው።