መልስ፦ የስላይድ ማቀጃ መሣሪያህን ሰነድ ከየት ትጀምር?

ወንድሜ፣ ከባሕር ዳር ሰላም ብያለሁ። የኤአይ ኤጀንት (የታዘዘውን ሥራ በራሱ የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ስላይድ ከመሥራቱ በፊት ዲዛይኑን እንዲያቅድ የሚረዳ መሣሪያ ሠርተህ፣ የአጠቃቀም ሰነዱን ከየት እንደምትጀምር ጠይቀሃል። ከትእዛዞች ዝርዝር አትጀምር። ከአንድ ሙሉ ምሳሌ ጀምር።

ስለ ግሽ ዓባይ ስላይድ ይሠራ እንበል። መጀመሪያ የተጠቃሚውን ጥያቄ ጻፍ። ቀጥሎ መሣሪያው ያወጣውን እቅድ እንዳለ ለጥፍ፦ የስላይዱ ወርድና ቁመት ምጥጥን 16፡9፣ ርዕስ “ዓባይ ከሰከላ ይነሳል”፣ በግራ ፎቶ፣ በቀኝ ሁለት አጭር መስመር። ርዕሱ ሙሉ ሐሳብ ነው። “ዓባይ” ብቻ ቢሆን ኤጀንቱ ምኑን እንደሚያጎላ አያውቅም።

የፎንቱን ነገር ግን አደራ! ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። እኔ ተማሪዎች ፊት ደርሶብኛል፤ ገለጻው እዚያው ቆመ። ስለዚህ የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት “ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ” ብለህ በስሙ ጻፈው። “ቆንጆ ፎንት ምረጥ” ካልከው ኤጀንቱ በግምት ይሄዳል።

መሣሪያው የማይሠራውንም ጻፍ። እቅድ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ ፋይሉን ማን እንደሚሠራው ግልጽ ይሁን። ከዚያ ሰነዱን ብቻ ለአዲስ ኤጀንት ስጥና ሞክረው። የተደናገረበት ቦታ ላይ ጨምርበት። ስትጨርስ ላክልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።