የጃንጎን ሶሎ በየትኛው ጣት? መጀመሪያ ቀኝ እጅህን ጠይቀው

ወንድሜ፣ «የጂፕሲ ጃዝ ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1937 ማይነር ስዊንግ በሚባለው ዜማ ላይ የተጫወተውን ሶሎ (ብቻውን የሚወጣበትን ክፍል) ኖታውን በጆሮዬ አወጣሁት፣ ግን የቱ ክር ላይ በየትኛው ጣት እንደምይዘው ግራ ገባኝ» ላልከው፣ እኔም እዛው ጋ ነው የተንገላታሁት፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. ግራ እጅህን ለጊዜው ተወው። በዚህ ሙዚቃ ፒኩ (ክሩን የምትመታበት ትንሿ ፕላስቲክ) ወደ ሌላ ክር በተሻገረ ቁጥር የመጀመሪያው ምት ወደ ታች ነው፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ስትመለስም ጭምር። ያ ደረቅ ጠንካራ ድምፅ ከዛ ነው የሚመጣው። እንግዲህ ወደ ወፍራሙ ክር ስትሄድ አንድ ክር ላይ ሁለት ወይ አራት ኖታ ካለህ ታች፣ ላይ ብለህ ሳትቸገር ታልፋለህ፣ ሦስት ከሆነ ግን ፒኩ ከስር ይቀርና ሁለት ክር ዘሎ መመለስ አለበት፣ በዛ ፍጥነት እጅህ ይታሰራል። ጣቱን የሚመርጥልህ ይሄ ነው።

2. ታብ (የት እንደምትይዝ በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) አትግዛ። እኔ ኦንላይን ከሚሸጥ ሰው ደህና ብር ከፍዬ ገዛሁ፣ ኖታው አንድም አልጎደለም፣ ግን ሁሉንም አምስተኛው ፍሬት (የጊታር አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) አካባቢ አጭቆ በአራት ጣት እንድትጫወተው አድርጎ ነው የጻፈው። ወራት ለፋሁበት፣ በዝግታ ያምራል፣ ፍጥነት ሲጨመር ይበተናል። ብጽፍለት «ኖታው ትክክል ነው፣ ተለማመድ» ብሎ ዘጋኝ። እስካሁን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ስንቱ ጀማሪ ችግሩ የራሱ እጅ እየመሰለው ጊታሩን ሰቅሏል! ጃንጎ እኮ እ.ኤ.አ. በ1928 የሚኖርበት ካራቫን (የጋሪ ቤት) ሲቃጠል የግራ እጁ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ተጎድተው ከኮርድ (ብዙ ኖታ አንድ ላይ ከሚመታበት) ውጭ ብዙም አይታዘዙትም ነበር፣ ሶሎውን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት የጊታሩን አንገት ሽቅብ ቁልቁል እየሮጠ ነው የሚጫወተው፣ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ታቡን ጥዬ ከዜሮ ራሴ አወጣሁት። ለምሳሌ ኢ ሰባት ኮርድ ላይ ሁለተኛ ክር ፍሬት 3 እና 6፣ አንደኛ ክር (ቀጭኑ) ፍሬት 4 እና 7 ያዝ፣ ከዛ ያንኑ ቅርፅ ሦስት ፍሬት ሦስት ፍሬት እያደረግክ ውጣ፣ ዲሚኒሽድ የሚባለው ይሄ ኮርድ በየሦስት ፍሬቱ ራሱን ይደግማል፣ በየክሩ ሁለት ሁለት ኖታ ስለሆነ ፒኩም አይጋጭም። ይሄን በራሴ ጆሮ ስላገኘሁት እኮራበታለሁ።

3. ቅጂውን በግማሽ ፍጥነት ስማው። ጣት ሲንሸራተት ይሰማል፣ ተንሸራተተ ማለት ያው ክር ላይ ነው ያለው። አንዳንድ የድሮ ቅጂ ፒቹ (የድምፁ ከፍታ) ከዛሬው ትንሽ ይለያል፣ ጊታርህን መጀመሪያ ከሱ ጋር ቃኘው፣ አለበለዚያ ክፍት ክር የቱ እንደሆነ አትለይም።

ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚሉህን ግን አትስማ፣ የጂፕሲ ጃዝ ጊታሪስቱን ቢሬሊ ላግሬንን እይ፣ ሌሎቹንም ጣቶች ይጠቀማል፣ ድምፁ ግን ያው ነው፣ ምክንያቱም ቀኝ እጁ ያው ነው። አንድ ሐረግ በሁለቱ ጣት ከወጣልህ እዛው ተወው፣ ካልወጣልህ ቀለበት ጣትህን ጨምር፣ የፒኩን ምት ግን አታበላሽ።

የቸገረህን ቦታ ደቂቃና ሰከንዱን እዚህ ጻፍልኝ፣ ማታ ከስራ ስመለስ እንዴት እንደያዝኩት ቪዲዮ አደርግልሃለሁ።