ጾሙን እየጾምኩ ቦርጩ ለምን አልጠፋም?

የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎቻችን መልስ

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቢሮ እሠራለሁ። 78 ኪሎ ነኝ፤ 70 መግባት እፈልጋለሁ። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሶምሶማ እሮጣለሁ። ክብደቴ ግን ፍንክች አላለም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ የቅዳሜው ሩጫ ምንም አልበደለም፤ ይቀጥሉበት። ችግሩን ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት ቀናት ውስጥ ይፈልጉት፤ መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የኑግም ይሁን ሌላ፣ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በእርስዎ ክብደት ይህን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልጋል። በጾም ቅቤው ሲቀር ዘይቱ ይበረክታል፤ ሽሮው ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ ድንች ወጡ ላይ። ከጠርሙሱ ቀጥታ ሲንቆረቆር ደግሞ አራት አምስት ማንኪያ ማለፉ አይታወቅም። ስለዚህ ዘይቱን በማንኪያ ይስፈሩ፤ ለአንድ ሰው በአንድ ማዕድ አንድ ማንኪያ ይበቃል። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ በደንብ ያቁላሉና ዘይቱን ከበርበሬው ጋር ይጨምሩ። ሽንኩርቱ በጥድፊያ ጥሬ ከቀረ ወጡ ስለማይጣፍጥ እጅ እንደገና ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ቡናው። አቦል፣ ቶናና በረካ ላይ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባ 100 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ 200። በአንድ ቀን መተው ስለሚከብድ በየሳምንቱ ከየስኒው ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ። ጤና አዳም ጣል ማድረጉ ስኳሩን ያስረሳል።

ሦስተኛው ጾም የሚፈታበት ሰዓት ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የተራበ ሰው ሆዱ «በቃ» ሳይለው ሁለት እንጀራ ይጨርሳል። ሲፈቱ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ፤ ከዚያ ግማሽ እንጀራ በብዙ ምስርና ጎመን ይብሉ። 15 ደቂቃ ቆይተው አሁንም ከራበዎት ይጨምሩ። እራቱን ቀለል አድርገው ከመተኛትዎ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብለው ይጨርሱት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከባጃጁ የ15 ደቂቃ መንገድ ሲቀር ይውረዱ፤ ሲመለሱም እንዲሁ። በቀን 30 ደቂቃ ሆኖ በአምስት የሥራ ቀን 150 ሞላ ማለት ነው፤ ቅዳሜ ትርፍ ይሆናል። በጾም ቀን ጠንከር ያለውን እንቅስቃሴ ጾሙ ከሚፈታበት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለው ቢያደርጉት ውኃውና ምግቡ ወዲያው ይደርስልዎታል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይውጡ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሱ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ 8 ኪሎው አራት ወር ገደማ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሳለሁ 5 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ እሮጥ ነበር። ለሥራ እንጅባራ ከተዛወርኩ 10 ቀን ሆነኝ፤ ገና በሁለተኛው ኪሎ ሜትር ትንፋሽ ያጥረኛል። ዝናቡም አላስወጣ አለኝ። ሰነፍኩ ወይ?

መልስ፦ አልሰነፉም፤ ሽቅብ ወጡ እንጂ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እንጅባራ 2,500 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት እስኪለምደው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያው ሰዓትዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ይህን አሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። እየሮጡ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ለዝናቡ ቀን በረንዳ ላይ ገመድ ይዝለሉ፤ አንድ ደቂቃ ዝላይ፣ ግማሽ ደቂቃ ዕረፍት፣ 12 ዙር። ጫማዎ ከራሰ የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ጋዜጣ ይጠቅጥቁበት። እሳት ዳር አያድርቁት፤ ማጣበቂያው ይለቃል።

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም መምህር ነኝ፤ 65 ኪሎ። ጡንቻ ለማዳበር ጠዋት 11 ሰዓት መነሣት እጀምርና በሦስተኛው ሳምንት እተወዋለሁ። ለጂም ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ጠዋት 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው ማታ 4 ሰዓት መተኛት አለበት። እስከ 6 ሰዓት ፈተና እያረሙ ከሆነ ደወሉ ቢጮህም ሰውነት አይታዘዝም። ሰዓቱን ይተዉትና ልምምዱን ሁልጊዜ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ያያይዙት። ለምሳሌ ከትምህርት ቤት ገብተው ልብስ ሲቀይሩ፣ ቤት ልብስ ከመልበስዎ በፊት 10 ፑሽ አፕና 15 ቁጭ ብድግ፣ ሦስት ዙር። ፑሽ አፑ ከከበደ በጉልበት ተደግፈው ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ሁለት ይጨምሩ። አንድ ቀን ካመለጠ በማግስቱ እጥፍ አይሥሩ፤ የሚተርፈው የጡንቻ ሕመም ነው፣ እሱም ሌላ ሦስት ቀን ያስቀራል።

ፕሮቲን በኪሎ 1.2 ግራም ቢያስቡ በቀን 78 ግራም ያስፈልግዎታል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ አንድ እንቁላል 6። ባቄላና ሽምብራ ቆሎም ቀላል አይደለም።

ለጀርባ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። 10 ሊትር ውኃ ሲገባበት 10 ኪሎ ነው። ክዳኑን አጥብቀው፣ መያዣውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ አንድ እጅዎን ወንበር ላይ ተደግፈው ጎንበስ ይበሉና በሌላው ወደ ወገብዎ 12 ጊዜ ይሳቡት፤ ከዚያ እጅ ይቀይሩ። ወገብ ከጎበጠ ክብደቱ በዝቷል፣ ሁለት ሊትር ይቀንሱ። ካልጎበጠ በየሳምንቱ አንድ ሊትር ይጨምሩበት።