ቲኤስኤች «ደህና ነው» ተብሎ ድካሙ ሲቀጥል

እህቴ፣ ለታይሮይድ (የአንገት እጢ) ሆርሞን ማነስ የሚሰጠውን ሌቮታይሮክሲን እየወሰድሽ ቲኤስኤች (እጢውን የሚያዘው ሆርሞን) ብቻ ታይቶ «ደህና ነሽ» መባልሽ፣ ድካሙና ብርዱ ግን አለመልቀቃቸው በጣም ይሰማኛል። ሌላ ምርመራና ሌላ መድኃኒት መጠየቅ መብትሽ ነው።

የፍሪ ቲ4 እና የፍሪ ቲ3 (የእጢው ሆርሞኖች በደም ውስጥ ያላቸው መጠን) እንዲሁም የቲፒኦ አንቲቦዲ (እጢውን የሚያነጣጥር የሰውነት መከላከያ) ምርመራ እንዲጨመርልሽ ጠይቂ። አንቲቦዲው ሕመሙ ሃሺሞቶ (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት) መሆኑን ይጠቁማል። ፌሪቲን (የብረት ክምችት) እና ቫይታሚን ቢ12ም ይታዩልሽ፤ የእነሱ ማነስ ያንኑ ድካም ያመጣል። ባዮቲን (ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰድ ቫይታሚን) የምትወስጂ ከሆነ ውጤቱን ስለሚያዛባ ቢያንስ 2 ቀን ቀድመሽ አቁሚው።

መድኃኒት ከመቀየርሽ በፊት ግን አወሳሰድሽን እይ። በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው የሚወሰደው፤ ከብረትና ከካልሲየም ክኒን ደግሞ 4 ሰዓት ይራቅ። እኔ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል ባይ ነኝ። መጠኑ ከተቀየረ ደግሞ ከ6 ሳምንት በፊት የሚደረግ ምርመራ እውነተኛውን አያሳይም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካልተሻለሽ፣ «ሊዮታይሮኒን (የቲ3 ክኒን) ተጨምሮልኝ ለተወሰኑ ወራት ብንሞክረውስ?» በይ። ከእንስሳ ታይሮይድ እጢ የሚሠራ መድኃኒትም አለ፤ የቲ3 ድርሻው ግን ከሰው እጢ ይበልጣል። ቲ3 ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ስለዚህ የልብ ሕመም ካለብሽ ወይም እርግዝና ካሰብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ሐኪሙ እንቢ ካለ ምክንያቱን እንዲያስረዳሽ ጠይቂ፣ ወደ ሆርሞን ስፔሻሊስት እንዲልክሽም ለምኚ። የያዝሽውን ክኒን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ አደራ።