ተርቧ ቤቷን የት ሠራች?

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ የጓሮ ጥያቄዎቼ መልካቸው ይለወጣል። ክረምቱን ሙሉ ስለ ጎመንና ስለ ቃሪያ ስጠየቅ ከርሜ፣ ድንገት ሁሉም ስለ አንድ ፍጡር ብቻ ይጠይቀኛል፤ ስለ ተርብ። ዘንድሮ ደግሞ ውጭ ካሉትም ብዙ ደርሶኛል። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማልችል ጥቂቶቹን መርጫለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ፍሊት ከማንሳታችሁ በፊት ቤቷን የት እንደሠራች እዩ። መልሴ የሚመዘዘው ከዚያ ነው።

ከገርጂ፦ ከበረንዳዬ ቆርቆሮ ሥር የቡና ስኒ የሚያህል ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል። ተርቦች ላዩ ላይ ተደርድረዋል። ልጆቼ የሚጫወቱት ከሥሩ ነው። ባለቤቴ በጋዜጣ ችቦ እናቃጥለው ይላል። አንተስ ምን ትላለህ?

ችቦውን ይተውት እላለሁ። ከቆርቆሮው ሥር እንጨት አለ፣ ኮርኒስ አለ። እኛ ሰፈር አንድ ሰውዬ ተርብ አቃጥላለሁ ብሎ ግማሽ አጥሩን አቃጥሏል። ያመለጡት ተርቦች ጎረቤት ግቢ ገብተው ሌላ ቤት ጀመሩ።

ያ ግራጫ ነገር ወረቀት ነው። ተርብ ያረጀ አጥርና የመስኮት እንጨት እየፋቀች፣ በምራቋ እያላቆጠች የምትሠራው እውነተኛ ወረቀት። በአንድ ቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለ ከሆነና ቀዳዳዎቹ እንደ ማር እንጀራ ወደ ታች ተከፍተው የሚታዩ ከሆነ እፎይ ይበሉ። የዚህ ዓይነቱ ቤት ነዋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አሥሮች ናቸው። ሺዎች አይደሉም።

ጓሮ ጥግ ላይ ቢሆን ኖሮ ተዉት እል ነበር። ልጆች ከሥሩ ከተጫወቱ ግን መነሳት አለበት። ደግሞ አዲስ አበባ ላይ «በራሱ ይጠፋል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ውጭ ያሉትን ውርጭ ይገላግላቸዋል። እኛን የሚገላግለን የለም።

መድኃኒቱ ላርጎና ውኃ ነው። ለአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። ራቅ አድርጎ መርጨት በሚችል ጠርሙስ ይሙሉት። ከመሸ በኋላ፣ ሁሉም ቤታቸው ሲሰበሰቡ ይውጡ። ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ የሱሪዎን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ አንገትዎን ይጠቅልሉ። ባትሪው ላይ ቀይ ፌስታል ይሸፍኑበት፤ ተርብ ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያትም። ልጆቹ ቤት ውስጥ ይሁኑ። የእርስዎ መሸሻ በር ደግሞ እንዳይቆለፍ። ከዚያ ቤቱን በደንብ እስኪርስ ይርጩት። ሳሙናው የሚተነፍሱባቸውን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን ይወድቃሉ። ጠዋት ቤቱን በመጥረጊያ እንጨት አውርደው ዘንጉ የተጣበቀበትን ቦታ ይፈግፍጉት።

ሁለት ነገር ግን አደራ። መሰላል ላይ ወጥተው እንዳይሞክሩት። ተርብ ፊት ላይ ስትመጣ ሰው መሰላል ላይ መሆኑን ይረሳል። ቤት ውስጥ የንብ ወይም የተርብ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ደግሞ እሱ አይሞክረው። ሌላ ሰው ይሥራው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቀና ብለው ይዩ። አንድ ተርብ ብቻዋን ስትጀምር ከደረሱባት መጥረጊያ ብቻ ይበቃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ሳር ሳጭድ ከመሬት ውስጥ ወጥተው አምስት ቦታ ነደፉኝ። ጉድጓዱን በድንጋይ ልድፈነው ወይስ ቤንዚን ላፍስበት? ለመስቀል ጓሮ ውስጥ እንግዳ ጠርቻለሁ።

አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ግን ሁለቱንም እንዳታደርግ።

ያገኘሃቸው እዚያ የሎው ጃኬት የሚሏቸው ናቸው። የአይጥ ጉድጓድ የመሰለ አሮጌ ቀዳዳ አግኝተው ከመሬት በታች ይሠራሉ። የነደፉህ ማሽንህ መሬቱን ስላንቀጠቀጠው ነው። አንዷ ስትነድፍ ደግሞ ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ትለቃለች። ቆመህ ማራገብ የማያዋጣውም ለዚህ ነው። እንዲህ ሲያጋጥምህ ማሽኑን ጥለህ በቀጥታ ወደ ቤት መሮጥ ነው።

ቤንዚን አፈርህን ይመርዛል፣ የከርሰ ምድር ውኃም ይደርሳል፣ ከተቀጣጠለ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ነው የሚመጣው። ድንጋዩም አይሠራም። በሌላ በኩል ቆፍረው ይወጣሉ፣ ያውም ተናደው። በነገራችን ላይ ይህ ምክር ግድግዳ ውስጥ ለገቡባችሁም ይሠራል። የውጭውን ቀዳዳ በሲሊኮን ደፍናችሁ ስትተኙ፣ እነሱ የጂፕሰሙን ግድግዳ ፍቀው መኝታ ቤት ሊወጡ ይችላሉ።

አሁን የዘመን አቆጣጠሩን እይ። የእነዚህ ተርቦች ዓመት በጸደይ ይጀምራል። ከክረምት የተረፈች አንዲት አውራ ብቻዋን ጥቂት የእንቁላል ክፍሎች ትሠራለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ የመጀመሪያ ልጆቿን ራሷ አድና ታበላለች። ከዚያ ሠራተኞቹ ይረከቧታል። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ቤቱ ጥቂት ሺህ ተርብ ሊይዝ ይችላል። ማለትም እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት ልክ ቁጥራቸው ጣሪያ በነካበት ሰሞን ነው። ኅዳር ገደማ ጠንካራ ውርጭ ሲመታ ሁሉም ያልቃሉ። የሚተርፉት ከወንድ የተገናኙ አዳዲስ አውራዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሌላ ቦታ ተሸሽገው ይከርማሉ። አሮጌው ቤት ተመልሶ አይኖርበትም።

ስለዚህ ጉድጓዱ ከበርና ከመተላለፊያ የራቀ ከሆነ አራት እንጨት ተክለህ በገመድ ከልለው፣ ዙሪያውን አትጨድ፣ ውርጩን ጠብቅ። ይህ ነው የእኔ ምርጫ። ነጻ ነው፣ ማንም አይነደፍም። በር ላይ ከሆነ ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥራ። ባለሙያው የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ የፀረ ተባይ ዱቄት ነው። ተርቦቹ አፉ ላይ ሲመላለሱ በእግራቸው ይዘውት ወደ ውስጥ ይገባሉ። የአምስት ንድፊያ ልምድ ላለው ሰው ራስህ ሞክረው አልልህም።

የመስቀሉ ድግስስ? ምግቡን ወደ ፊት ለፊት በረንዳ አውጣው፣ ወይ ቤት አስገባው። ተርብ በጋውን ሙሉ ትልና ዝንብ የምታድነው ለእጮቿ ነው። እጮቹ በምላሹ ጣፋጭ ጠብታ ይሰጧታል። መስከረም ላይ እጮቹ እያነሱ ሲሄዱ ያ ጣፋጭ ይቀርባትና ያንተን ለስላሳ ትፈልጋለች። ጠጅማ ከሩቅ ነው የሚጠራት። ጠጁን በክዳን አቅርብ። ለልጆች ለስላሳ በቆርቆሮ አትስጥ፣ በሚታይ ብርጭቆ ቅዳላቸው። ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ተርብ ጉሮሮ ላይ ስትነድፍ ነገሩ ሌላ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ግድግዳዬ ላይ ጭቃ የምትለጥፍ ወገበ ቀጭን ጥቁር ተርብ አለች። ትነድፋለች?

ተዋት። ብቸኛ ናት፤ ሠራዊት የላትም፣ ቤቷን ለመከላከል አትዋጋም። በእጅህ ካልጨበጥካት አትነካህም። ያ ጭቃ ውስጥ ያለው ነድፋ ያደነዘዘቻቸው ሸረሪቶች ናቸው፤ የልጇ ስንቅ። ግድግዳውን አስቀየመው ካልክ ቀዳዳ ቀዳዳ ሲሆን ልጇ ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ በቢላ ፈቅፍቀው።

ከደብረ ብርሃን፦ እናቴ ተርብ ስትነድፈን ሽንኩርት ታሽልናለች። ሌላ ሰው ደግሞ ለንብ ሶዳ፣ ለተርብ ኮምጣጤ ይላል። የቱ ነው ትክክል?

የእናትን እጅ አልነካም። ሽንኩርቱ ባይጠቅምም የእናት ማሸት ይጠቅማል። ግን በመጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ይደረግበት። ቀለበት ካለ ሳያብጥ ይውለቅ። ለማሳከኩ የአለርጂ ክኒን ፋርማሲ ጠይቁ። የሶዳውና የኮምጣጤው ወሬ ኬሚስትሪ ይመስላል እንጂ መርዙ ቆዳ ሥር ገብቶ አልቋል። ላዩን ብታጠቡት አይደርስበትም።

ንብ ከሆነች መንደፊያዋ ቆዳ ላይ ይቀራል። በፍጥነት ማውጣት ነው። በጥፍርም ይሁን በካርድ ልዩነት የለውም፣ ዋናው ፍጥነቱ ነው። ተርብ ግን መንደፊያዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ደግማም ልትነድፍ ትችላለች።

ይህን ግን በደማቅ ቀለም ያዙልኝ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ካቃተ፣ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ማዞርና ማስመለስ ከመጣ፣ ሽንኩርትም በረዶም አትፈልጉ። በደቂቃዎች ሰው ሊገድል ይችላል። በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት! የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ ጀርመን 112፣ እስራኤል 101። አፍ ውስጥ የተነደፈና ብዙ ቦታ የተነደፈ ልጅም ምልክት ሳይጠበቅለት ይወሰድ።

ከሙኒክ፦ የአትክልት ዕቃ ማስቀመጫዬ ውስጥ ግዙፍ ተርቦች ገብተዋል። አከራዬ በራስህ እንዳትነካቸው፣ 50,000 ዩሮ ትቀጣለህ አለኝ። ያስፈራራኛል?

አያስፈራራህም። ጀርመን ውስጥ እነዚያ ትልልቆቹ፣ ሆርኒሰ የሚባሉት፣ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልዩ ጥበቃ ያላቸው ናቸው። ያለ ፈቃድ መግደልም ቤታቸውን ማፍረስም ክልክል ነው። ቅጣቱ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት እስከ 50,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል። ትናንሾቹንም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት መግደል አይፈቀድም። አካባቢህ ያለውን የተፈጥሮ ጥበቃ ቢሮ ጠይቅ። አስፈላጊ ከሆነ ባለሙያ ቤቱን ሳያፈርስ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል።

እዚያው አገር «ሰባት ንድፊያ ፈረስ ይገድላል» የሚል የቆየ አባባል አለ። አትመነው። መርዛቸው ከንብ የባሰ አይደለም። ደግሞ ኬክህን አይፈልጉም፣ ሌላ ነፍሳት ነው የሚያድኑት። ማታ መብራት ስለሚስባቸው መስኮትህን መጋረጃ አልብሰው፣ በቃ።

ከአሽዶድ፦ ቡናማ፣ ሆዱ ላይ ቢጫ መቀነት ያለው ትልቅ ተርብ ግቢያችን አፈር ይቆፍራል። የሚገርመው ቀትር ላይ፣ እኛ ጥላ ስንፈልግ ነው የሚሠራው።

የምሥራቁ ተርብ የሚባለው ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያ ቢጫ መቀነቱ ውስጥ ያለው ቀለም የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ሊለውጥ እንደሚችል አሳይተዋል። ጣሪያችሁ ላይ ካለው ሶላር ጋር ዘመድ ነው ማለት ነው። ግን ውበቱ አያታላችሁ። በጋው ሲያልቅ ይበዛል፣ ሥጋም ጣፋጭም ይወዳል፣ የንብ ቀፎም ይዘርፋል። ቤቱ ልጆች በሚረግጡት መሬት ላይ ከሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጠራ።

ከሐዋሳ፦ የሎሚ ዛፌ ላይ ተርብ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል። ምን ልርጭበት?

ምንም! ተርብ አይደለም፣ ንብ ነው። አውራቸውን መሃል አድርገው የቆሙ ስደተኞች ናቸው። ቤት እስኪያገኙ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን አይዘልቁም። ልጆችንና ውሻውን አርቀው አቅራቢያዎ ያለ ንብ አናቢ ይጥሩ። ሰው ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ኅብረ ንብ በራሱ እግር መጥቶልዎት ፍሊት ያነሳሉ?

ከጎንደር፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፦ ጋሼ፣ ንብስ ማር ትሰጣለች። ተርብ ምን ትሠራለች?

የእናትህን ጎመን የሚበሉትን ትሎች ማን የሚለቅማቸው ይመስልሃል? ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ሾላ ነው። የሾላ አበባ የት እንዳለ አይተህ ታውቃለህ? ፍሬ የምንለው ውስጥ ታጥሮ ነው ያለው። ንብ አትገባበትም። የምትገባው የጤፍ ፍሬ የምታክል አንዲት ተርብ ናት። በጠባቧ ቀዳዳ ስትሹለከለክ ክንፏ ይቆረጣል። ገብታ ይዛ የመጣችውን ብናኝ ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ሲፈለፈሉ ክንፍ የለሾቹ ወንዶች መውጫ ይበሱላቸዋል፤ ሴቶቹ በዚያ ወጥተው ወደ ሌላ ሾላ ይበርራሉ። ዋርካም የራሱ ተርብ አለችው። ይቺኛዋ ሰው አትነድፍም። ሾላ የበሰለ ጊዜ አንዱን በምላጭ ሁለት ቦታ ክፈለውና አጉሊ መነጽር ይዘህ እይ። ያየኸውን ጻፍልኝ።