ሲኤልኤ ላስፈርም ወይስ ዲሲኦ ይበቃል?

ወንድሜ፣ «ፕሮጀክቴ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ኮድ መላክ ጀምረዋል፤ ሲኤልኤ ላስፈርም ወይስ ዲሲኦ ይበቃል?» ላልከው፣ እጄን ያቃጠለኝ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

ሲኤልኤ ኮድ ላኪው ከፕሮጀክቱ ባለቤት ጋር የሚፈርመው ውል ነው፤ ዲሲኦ ደግሞ ላኪው ከኮዱ ጋር የሚያያይዘው አጭር ማረጋገጫ። ላንተ ዲሲኦ ይበቃል። ግን ዛሬውኑ ጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአማርኛ ፊደል ማረሚያ እንሠራ ነበር። ማንም እንዲጠቀምበት የሚፈቅደውን የኤምአይቲ ላይሰንስ ለጠፍንበትና በቃ አልን። አንድ ጎበዝ ልጅ ቃልን ከነቅጥያው ፈትቶ ወደ መሠረቱ የሚመልስ ክፍል ላከልን። «ለማረሚያዎቻችን» ስለው «ማረሚያ» ብሎ ሲመልስልኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ወዲያው ሜርጅ፣ ከኛ ኮድ ጋር ቀላቀልነው! ከስምንት ወር በኋላ ልጁ ራሱ ደወለ፦ «ያ ኮድ የመሥሪያ ቤቱ ነው እየተባልኩ ነው።» ለካ ለቢሮው ሥራ የጻፈውን ነው ያካፈለን። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ሠራተኛ በቅጥር ሥራው የፈጠረው፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። አወጣነውና ከዜሮ ጻፍነው። ሦስት ወር በላብን።

እኛ ያልጠየቅነውን ነው ዲሲኦ የሚጠይቀው። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያመጡት፣ ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ «የኔን ኮድ ሊኑክስ ውስጥ አስገባ» ብሎ አይቢኤምን ከከሰሰ በኋላ ነው። ላኪው ኮሚት ሲያደርግ፣ ማለትም ለውጡን በጊት ሲመዘግብ፣ ትእዛዙ ላይ ሰረዝ «ኤስ» (-s) ይጨምራል፤ መልእክቱ ግርጌ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» ተብሎ ስሙና ኢሜይሉ ይገባል። «ይህን የመስጠት መብት አለኝ» ማለቱ ነው። የሚዋሽ አይጠፋም፤ የኛ ልጅ ግን አልዋሸም፣ አላሰበበትም እንጂ። ያቺን መስመር ቢያያት ቆም ይል ነበር።

ሲኤልኤ ለፕሮጀክቱ ባለቤት ሰፋ ያለ መብት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ላይሰንሱን ብቻውን እስከ መቀየር ድረስ። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ቴራፎርም የተባለውን የሰርቨር ማዘጋጃ መሣሪያውን ተፎካካሪዎችን ወደሚገድበው ቢኤስኤል ላይሰንስ ሲቀይር፣ ብዙዎች ተናደው የድሮውን ኮድ ፎርክ አደረጉ፤ ቀድተው ኦፕንቶፉ ብለው ለብቻቸው ቀጠሉበት። ከዚያ ወዲህ ሲኤልኤ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ገንቢ አይጠፋም፤ አልፈርድበትም። ኩባንያ ሆነህ ሁለት ዓይነት ላይሰንስ ልትሸጥ ካላሰብክ ምን ያደርግልሃል?

በሌላ በኩል ያለ ሲኤልኤ ላይሰንስ መቀየር ፈተና ነው። የቪዲዮ ማጫወቻው የቪኤልሲ ሰዎች የሞተሩን ላይሰንስ ከጥብቁ ጂፒኤል ወደ ላላው ኤልጂፒኤል ሲያዞሩ የድሮ ገንቢዎቻቸውን አንድ በአንድ አፈላልገው ማስፈቀድ ነበረባቸው። ስለዚህ ላይሰንስህን አሁኑኑ በደንብ ምረጥ።

እስካሁን ለገባው ኮድ ሂስትሪውን (የኮሚቶቹን መዝገብ) አትነካካ። ፕሮጀክቱ ላይ አንድ ኢሹ (የውይይት ገጽ) ክፈትና የላኩት ሁሉ «የላክሁት የራሴ ነው፤ በዚህ ላይሰንስ ሰጥቻለሁ» ብለው ይጻፉበት። ኮዱን የላኩበትን ኢሜይል ሳይቀይሩ።